ከመግዛታችሁ በፊት ሶፋችሁን ገልብጡ፦ የቤዝ ሼከር ንጽጽር

ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነበር። ፊልሙ ፍንዳታው ላይ ሲደርስ ግድግዳው ተደበደበ። ጠዋት አከራዬ በር ላይ ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ሌሊት ኮርኒስ ውስጥ ጅብ የገባ መስሎኝ ዓይኔን ሳልከድን አደርኩ» አሉኝ። ጅቡ የኔ ሰብዉፈር፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከሬ ነበር።

ደሴ ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህ ይገባዋል። ግድግዳው ወይ ጭቃ ነው ወይ ስስ ብሎኬት። ኮርኒሱ ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው። ቀጭን ድምፅ በር ሲዘጋ ይቀንሳል፤ ወፍራሙ ቤዝ ግን ግድግዳውን አልፎ ይሄዳል። ድምፁን ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ፊልሙ ውሃ ውሃ አለኝ። መላ ስፈልግ ነው ቤዝ ሼከር ላይ የደረስኩት።

ዕቃው ቀላል ነው። ከመቀመጫው አጽም ጋር በብሎን ይታሰራል። ውስጡ እንደ ስፒከር ማግኔትና ኮይል አለው፤ ድምፅ የሚያወጣው ወረቀት ግን የለውም። በወረቀቱ ፋንታ ከባድ ነገር ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ግፊቱ ወደ እንጨቱ፣ ከእንጨቱ ወደ እናንተ ይመጣል። ጆሯችን ከ20 ሄርዝ (በሰከንድ 20 ንዝረት) በታች ያለውን እምብዛም አይሰማም። ጀርባችን ግን ይሰማዋል። ስለዚህ ሰብዉፈሩን ቀንሳችሁ የጎደለውን በሶፋው መሙላት ትችላላችሁ፤ ጎረቤት ይተኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ሰብዉፈር አየር ገፍቶ ነውና የሚሠራው፣ እዚህ ትንሽ ጉልበት ያጣል። ሼከር የሚገፋው እንጨት ነው። ጦሳ ተራራ አናት ላይ ብትወስዱትም ያው ነው።

ኳስና ዜና ብቻ የምታዩ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ያዙ። የተመልካች ጩኸትና የኮሜንታተር ድምፅ ሶፋ አይነዝርም። ሼከር ለፊልም፣ ለጌምና ቤዝ ለበዛበት ሙዚቃ ነው።

መመዘኛዎቹ

ሰው ሁሉ «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ «ምን ላይ ነው የምትቀመጠው?» እለዋለሁ። ዋቱ ኋላ ይመጣል።

*መቀመጫው።* አናጺ የሠራው ሶፋ ካላችሁ ገልብጡት። ከሥር የተወጠረውን ጨርቅ ግለጡት። የባሕር ዛፍ ወይም የጥድ አጽም ታገኛላችሁ። ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ ጠንካራ እንጨት ንዝረት ያስተላልፋል። ችግሩ ምስማሩ ነው። በምስማር ብቻ የተያያዘ ሶፋ ሲነዝር ይንጫጫል። መጋጠሚያዎቹን በኮላና በብሎን ማጥበቅ ከዕቃው ግዢ መቅደም አለበት። ከዚያ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ከአንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው ዘርጉና እሱ ላይ ሼከሩን እሰሩ። ወገብ ከሚያርፍበት ሥር ይሁን እንጂ ክንዱ ላይ አይሁን።

መጅሊስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እኛ ወሎዎች ደግሞ ያለ መጅሊስ ቤት ቤት አይመስለንም። መሬት ላይ የተነጠፈ ወፍራም ስፖንጅ የሚታሰርበት አጽም የለውም። ቢኖረውም ለስላሳ ስፖንጅ ንዝረቱን ይውጠዋል። ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትንንሽ ሼከሮች ከፍራሽ ሥር በወሸቅኋት ጣውላ ላይ አሰርኩ። ምንም አልተሰማኝም። አምፑን (ጉልበት የሚሰጣቸውን አምፕሊፋየር) ጨመርኩ። አሁንም የለም። ጨመርኩ። በመጨረሻ የተሰማኝ የተቃጠለ ኮይል ሽታ ነበር። ዕቃዎቹ ሲሠሩ ነበር፤ ስፖንጁ ነው የበላቸው።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ወደ 70 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የኮምፔርሳቶ ቁራጭ አዘጋጃለሁ። ለአራት ማዕዘኑ ለስለስ ያለ የጎማ እግር አለብሰዋለሁ። ሼከሩን ከሥሩ መሐል ላይ እገጥማለሁ። ከላይ ቀጠን ያለና ጠጣር ስፖንጅ አደርጋለሁ። አንድ ረዥም ጣውላ ለአራት ሰው አይሆንም፤ መሐሉ ይለምጣል፣ ጫፉ ላይ የተቀመጠው ምንም አይደርሰውም። መከዳው ላይ ለማሰር የሞከረ ጓደኛም አለኝ። እሱን ተዉት።

*ወለሉ።* ሊሾ ላይ በቀጥታ የቆመ ሶፋ ከጉልበቱ የተወሰነውን ለሲሚንቶው ያስረክባል። ጣውላ ወለል ላይ ወይም ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ከሆነ ደግሞ ንዝረቱ ታች ቤት ይወርዳል፤ ከጎረቤት ጠብ ሸሽታችሁ ሌላ ጠብ ትገዛላችሁ። ለሁለቱም መድኃኒቱ ከእግሮቹ ሥር ጎማ ማድረግ ነው። የበረባሶ ቁራጭ የሚያደርጉ አሉ። ከምንም ይሻላል፣ ግን የመኪና ጎማ በጣም ጠጣር ነው። ለልብስ ማጠቢያ ማሽን እግር የሚደረገው ለስላሳ ጎማ ይበልጠዋል።

*ንዝረቱ እኩል ነው?* ርካሽ ሼከር አንድ የሚወደው ድግግሞሽ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ 40 ሄርዝ አካባቢ። እዚያ ሲደርስ ይፈነጥዛል፣ ከዚያ በታችና በላይ ይደክማል። ስለዚህ መድፉም፣ ሞተሩም፣ የመሬት መንቀጥቀጡም አንድ ዓይነት «ድርርር» ይሆናል። ውድ ዕቃ የሚለየው በጉልበቱ ብቻ አይደለም። የአውሮፕላን ሞተርና የበር መዘጋት የተለያየ ነገር እንዲመስሉ ያደርጋል።

*አምፕሊፋየርና መብራት።* ሼከር የራሱን አምፕ ይፈልጋል። ምልክቱን ከሪሲቨሩ የሰብዉፈር መውጫ ይወስዳል። ሪሲቨር ስል የዲሹን ማለቴ አይደለም፤ ስፒከሮቹን የሚነዳውን የሆም ቴአትር ሪሲቨር ነው። ገበያ ላይ በካርቶን የሚሸጠው ባለ አምስት ስፒከር ሆም ቴአትር ብዙውን ጊዜ ይህ መውጫ የለውም። ከኋላው «ሰብ አውት» የሚል ክብ የአርሲኤ ቀዳዳ መኖሩን ሳታዩ ምንም አትግዙ።

ከዚያ የቮልት ጉዳይ አለ። እኛ 220 ቮልት ነን። አሜሪካ የሚሸጥ አምፕ ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው። አንድ የኮምቦልቻ ወዳጄ የአጎቱ ልጅ ከአሜሪካ ያመጣለትን አምፕ በደስታ ሶኬት ላይ ሰካው። አንዴ «ጧ» አለ፣ ጭስ ወጣ፣ አለቀ። ሼከሩ ራሱ ቮልት አይመርጥም፣ ከየትም ይምጣ። አምፑን ግን ወይ ከዱባይ አስመጡ፣ ወይ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ፈልጉ።

*ሻንጣው።* ደሴ ፒያሳ ኤሌክትሮኒክስ ቤት ገብቼ ቤዝ ሼከር ብል የመኪና ሰብዉፈር አሳዩኝ። ስለዚህ ዕቃው የሚመጣው በሰው ነው። የሰው ሻንጣ ደግሞ በኪሎ ይለካል። 5 ኪሎ የሚመዝን ብረት አምጡልኝ ማለት ከእህታችሁ ልጅ ልብስና ሽቶ ጋር መጋፋት ነው።

አማራጮቹ

*ትንንሾቹ፣ ፓክ የሚባሉት።* የዴይተን ኦዲዮ ቲቲ25 ዓይነተኛው ነው። የእጅ መዳፍ ያህላል፤ ስስ ስለሆነ መጅሊስ ሥር ይገባል። 8 ኦም ነው (ኦም ኤሌክትሪክን የመቋቋም ልኩ ነው)፣ አቅሙ ወደ 20 ዋት። በሻንጣ ጥግ አራት ቢገባ ማንም አያውቅም። ድክመቱ ያው አንድ ዓይነት ንዝረት መሆኑና በቀላሉ መቃጠሉ ነው። እኔ ምስክር ነኝ። ለአንድ ሰው አንድ፣ ቢቻል ሁለት ያስፈልጋል። ለፕሌስቴሽን ቤት ግን ከዚህ የሚሻል አላየሁም። አግዳሚ ወንበሩ እንጨት ነው፣ ስፖንጅ የለውም፣ ስለዚህ ትንሿም ዕቃ ጎልታ ትሰማለች።

*መካከለኞቹ።* የዴይተን ቢኤስቲ-1 እና የኦራ ኤኤስቲ-2ቢ-4 እዚህ ይመደባሉ። ሁለቱም ወደ 50 ዋት፣ ሁለቱም 4 ኦም። እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ናቸው። ለአንድ ባለ ሦስት ሰው ሶፋ ሁለት ያስፈልጋል፣ በግራና በቀኝ መቀመጫ ሥር። አንድ መሐል ላይ ብታስሩ የመሐሉ ሰው ይጠግባል፣ የዳሮቹ ይጾማሉ። የ40 ሄርዙ ችግር እነዚህም ላይ አለ፤ ነገር ግን የድምፅ ማስተካከያ ካላችሁ እዚያ ቦታ ላይ ትንሽ መቀነስ ይበቃል። እንደኔ ከሆነ ለደሴ ሶፋ ገንዘቡና ደስታው የሚመጣጠነው እዚህ ነው። አሁን ያለኝም ይኸው ነው።

*ባለ ፒስተኖቹ።* ባትኪከር። ስሙን ተርጉምልን እንዳትሉኝ፣ አከራዬ ፊት አይነገርም። ሚኒ ኤልኤፍኢው እና ትልቁ ኤልኤፍኢ የታወቁት ናቸው። ውስጣቸው ያለው ከባድ ፒስተን በማግኔት ተንጠልጥሎ ይመላለሳል። ኩባንያው የሥራ ክልላቸውን ከ5 እስከ 200 ሄርዝ ይለዋል። ትልቁ ቢያንስ 400 ዋት አምፕ ይጠይቃል፣ ክብደቱም 5 ኪሎ ገደማ ነው። አንዱ ሙሉ ሶፋ ይነቀንቃል። ልዩነቱ ይሰማል፦ ፓክ ይነዝራል፣ ይሄ ግን ይገፋል። ነገር ግን 400 ዋት አምፕ በኛ መብራት መንዳት ሌላ ወጪ ነው። ቮልቱ በሚዋዥቅበት ሰፈር ስታቢላይዘር ያስፈልገዋል። ለመጅሊስ አይታሰብም፣ ከሥር አይገባም። የላላ ሶፋ ላይ ከታሰረ ደግሞ ምስማሩን አንድ በአንድ ያወጣላችኋል።

*ሙሉ ድምፅ የሚያወጡት።* ክላርክ ሲንተሲስ እዚህ ይታወቃል። ቤዙን ብቻ ሳይሆን ከፍ ያለውንም ድምፅ በእንጨቱ በኩል ያስተላልፋል። ሙዚቃ አፍቃሪ ከሆናችሁ ይጣፍጣል፤ የመንዙማ ድቤ ከመቀመጫው ሲመጣ ሌላ ነገር ነው። ለፍንዳታ ብቻ ከሆነ ግን የማትጠቀሙበትን ትከፍላላችሁ።

*ከእግር ሥር የሚቀመጡት።* ክራውሰን የሚያመርታቸው የሶፋውን እግር ከሥር ሆነው ይገፋሉ። ብሎን የለ፣ ኮምፔርሳቶ የለ። ጠጣር ወለል ይስማማቸዋል፣ ስለዚህ ሊሾ ጠላት መሆኑ ቀርቶ ወዳጅ ይሆናል። ጥራታቸው ላይ ክርክር የለኝም፣ ዋጋቸው ላይ እንጂ። የካናዳው ዲ-ቦክስ ደግሞ ከዚህም አልፎ ወንበሩን ያነሳል፣ ያዘነብላል። ለየፊልሙ ለብቻው የተጻፈ የእንቅስቃሴ ኮድ ይፈልጋል። ኮዱ ያልተጻፈለት ፊልም ላይ ያ ሁሉ ጥበብ ያርፋል። ሁለቱንም ለማለፍ ያህል ጠቀስኳቸው።

*የሰፈር ሥራ።* የአሮጌ ዉፈር ወረቀት ቆርጦ፣ መሐሉ ላይ ክብደት ለጥፎ፣ ጣውላ ላይ ማሰር። ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ወዳጅ ካላችሁ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይሠራል። ንዝረቱ ደካማና ግራ የተጋባ ነው፤ ክብደቱም አንድ ቀን ተነቅሎ ይወድቃል። ግን ነገሩን ትወዱት እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ የረከሰ መንገድ የለም።

ብሩን በቁጥር አልጻፍኩም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዶላር ምንዛሬ ወዴት እንደሄደ ሁላችንም እናውቃለን፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይስቅብኛል። በዶላር አሃዝ ብቻ ልመድበው።

| አማራጭ | አምፕ | የንዝረቱ ባሕርይ | የሚስማማው | ዋጋ በዶላር |
|---|---|---|---|---|
| ፓክ | 20 ዋት ገደማ፣ 8 ኦም | አንድ ዓይነት፣ ቀላል | መጅሊስ በጣውላ ላይ፣ የጌም አግዳሚ | ዝቅተኛ ባለ ሁለት አሃዝ |
| መካከለኛ ሳህን | 50 ዋት፣ 4 ኦም | ጠንከር ያለ፣ ማስተካከያ የሚወድ | የእንጨት ሶፋ | ባለ ሁለት አሃዝ |
| ባለ ፒስተን | ትልቁ ከ400 ዋት ጀምሮ | ጥልቅ፣ የሚገፋ | በብሎን የጠበቀ ከባድ ሶፋ | ባለ ሦስት አሃዝ |
| ሙሉ ድምፅ | እንደ ሞዴሉ | ዝርዝር ያለው፣ ለሙዚቃ | ነጠላ ወንበር፣ ሶፋ | ባለ ሦስት አሃዝ |
| ከእግር ሥር | እንደ ስብስቡ | ጥልቅና እኩል | ሊሾ ላይ የቆመ ሶፋ | ባለ አራት አሃዝና በላይ |
| የአሮጌ ዉፈር ሥራ | ትንሽ አምፕ | ደካማ፣ ለሙከራ | ማንኛውም ጣውላ | የጠጋኙ ሻይ |

ለማን የቱ?

ተከራይ ከሆናችሁና መጅሊስ ካላችሁ፦ ሁለት ፓክ፣ ሁለት የኮምፔርሳቶ ቁራጭ፣ ስምንት ጎማ። ቤት ስትለቁ ተሸክማችሁት ትሄዳላችሁ።

የራሳችሁ ሶፋ ካለና ማታ ማታ ቤተሰቡ ፊልም የሚያይ ከሆነ፦ ሁለት መካከለኛ። ኤል ሶፋ ከሆነ ሁሉንም ለማንዘር አትሞክሩ። ቴሌቪዥኑን ፊት ለፊት የሚያየውን ክንፍ ብቻ ግጠሙ። የጎኑ ክንፍ ላይ የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን ነው የሚነካካው።

ለብቻው ክፍል ለይታችሁ፣ ሪሲቨር ገዝታችሁ፣ የምር ሲኒማ የምትሠሩ ከሆነ፦ አንድ ትልቅ ፒስተን ለአንድ ሶፋ። መጀመሪያ ግን አናጺውን ጥሩት። ፕሌስቴሽን ቤት ያላችሁ ኮምቦልቻዎች ደግሞ ፓክ ግዙ፣ ሁለት ትርፍ ጨምራችሁ። የእናንተ ሙቀት ከደሴ ይለያል፤ አምፑን ዝግ ሳጥን ውስጥ አትቆልፉት።

ስትገጥሙ

ለፓክና ለመካከለኛው የሚበቃ አምፕ በጣም ትንሽ ነው። ቲፒኤ3116 በሚባለው ቺፕ የተሠሩት ከተፎች በላፕቶፕ ቻርጀር ይሠራሉ። ባለ 19 ቮልት ቻርጀር በ4 ኦም ላይ ወደ 40 ዋት ያወጣል። ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የቮልቱ ራስ ምታት ይቀራል። መብራት ሲሄድም በ12 ቮልት የሶላር ባትሪ ይሠራል፤ ጉልበቱ ይቀንሳል እንጂ ለፓክ ይበቃል።

ኦሙን ልብ በሉ። ሁለት ባለ 4 ኦም ሼከሮችን በትይዩ ካገናኛችኋቸው 2 ኦም ይሆናሉ፤ ብዙ ትንንሽ አምፖች ይህን አይችሉም። በተከታታይ አድርጓቸው፣ 8 ኦም ይሆናሉ። አራት ፓክ ከሆነ ሁለት ሁለቱን በተከታታይ፣ ከዚያ ጥንዶቹን በትይዩ፤ ተመልሶ 8 ኦም ነው። ይህ ከከበዳችሁ አብሽሩ፣ የመኪና ቴፕ የሚገጥም ልጅ በአምስት ደቂቃ ይሠራላችኋል።

ቀጥሎ መቁረጫው፣ ማለትም ከተመረጠው ሄርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ወደ ሼከሩ እንዳይሄድ የሚያስቀረው ማስተካከያ። የወንድ ተናጋሪ ድምፅ ወገባችሁን ከነዘረው፣ ሼከሩ ከሚገባው በላይ ከፍ ያለ ድምፅ እየተቀበለ ነው። 80 ሄርዝ ላይ ጀምሩ፣ ንግግሩ ካልጠፋ ወደ 60 አውርዱት። ጉልበቱን በተመለከተ፣ እንግዳ መጥቶ «ይሄ ሶፋ ምን ሆኗል?» ካለ ብዙ ነው። ስታጠፉት ብቻ ጉድለቱ የሚታወቃችሁ ከሆነ ልክ ነው።

አንድ የመጨረሻ ጣጣ አለ። ፊልሙ ሳይጀምር ሶፋው እንደ ወፍጮ ቤት ያለማቋረጥ ከነዘረ ሼከሩን አትክሰሱት። የኛ መብራት 50 ሄርዝ ነው፤ ሼከር በጣም በሚወደው ክልል ውስጥ። ቴሌቪዥኑ ከአንድ ሶኬት፣ አምፑ ከሌላ ሶኬት ሲሰካ፣ የመሬት መስመሩም ደካማ ሲሆን፣ ያ ድግግሞሽ በአርሲኤው ገመድ በኩል ገብቶ በቀጥታ ወገብ ላይ ይወጣል። ሁሉንም ከአንድ ማከፋፈያ ስኩ። ካልጠፋ የአርሲኤውን ገመድ ንቀሉት። ንዝረቱ አብሮ ከቆመ በገመዱ መሐል የሚገባ ትንሽ የድምፅ ትራንስፎርመር ይፈታዋል። ገመዱ ተነቅሎም ከቀጠለ ችግሩ አምፑ ወይም ቻርጀሩ ጋ ነው፤ መጀመሪያ ቻርጀሩን በሌላ ለውጣችሁ ሞክሩ።